ጥላዬን አጠፋብኝ፦ የአንድ ዘጋቢ ፊልም የቀረጻ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ካሜራ አልያዝኩም። ማስታወሻ ደብተርና ስልክ ብቻ ይዤ ገባሁ። ፊልሙ አጭር ነው፤ 20 ደቂቃ ገደማ እንዲሆን አስበናል። ባለታሪኩ አንድ ሰዓት ሰሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማለት ይቻላል እዚያችው ጠረጴዛ ላይ አሳልፈዋል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሜትር በአራት ብትሆን ነው። በግራ በኩል አንድ መስኮት አለ። ጣሪያው ላይ ረጅም ፍሎረሰንት። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንገቱ የሚታጠፍ አሮጌ መብራት፣ ተራ አምፖል የገባበት። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው። ሁሉም ይሠራሉ፤ ግን እኩል አይቆጥሩም።

ሁለት ሰዓት ያህል ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የማየው ምን እንደሚሠሩ ሳይሆን እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ነው። ቀኝ እጃቸው ወረንጦ ይይዛል። ግራ እጃቸው ሰዓቱን ያዞራል። ብሎን ሲፈቱ ትንፋሻቸውን ይውጡታል። ሲጨርሱ በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ይለቁና ማጉያውን ከዓይናቸው አውርደው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ይህን ሦስቴ ቆጠርኩ። ለካሜራ ሰው ይሄ ወርቅ ነው። ቀና የሚሉበትን ጊዜ ካወቅኩ፣ ፎከሱ ከሰዓቱ ወደ ፊታቸው የሚሄደው ቀና ሲሉ ነው፤ ካሉ በኋላ አይደለም።

ሌላው የጻፍኩት የፀሐይዋን ነገር ነው። ቀትር አልፎ በመስኮቱ ቀጭን ጨረር ትገባና ግድግዳው ላይ ታርፋለች። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ጨረሩ አንድ ቦታ አይቆይም። ከአንዱ የግድግዳ ሰዓት ወደ ሌላው ሲሄድ በእርሳስ ደቂቃውን መዘገብኩ። ኋላ ኤዲቲንግ ላይ ሁለት ሾት ሲገናኙ ጨረሩ ወደ ኋላ ከዘለለ ተመልካች ይረበሻል፤ ምን እንደረበሸው ግን ላያውቅ ይችላል።

ቀን 2

ካሜራውን ለሙከራ ይዤ ሄድኩ። ሞኒተሩን ስከፍት ምስሉ ላይ ጥቁር ጭረት ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ ካለፈው ሥራ 1/60 ሰከንድ ላይ ቀርቷል። የክፍሉ ኤሌክትሪክ ግን 50 ሄርዝ ነው። እንዲህ ባለ ኃይል የሚሠራ አሮጌ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አይለየውም፤ ካሜራ ግን አያልፈውም። ሻተሩን 1/50 ሳደርገው እያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሁለት ሙሉ ብልጭታ አገኘና ጭረቱ ጠፋ። 1/100ም ይሠራል። ኃይሉ 60 ሄርዝ የሆነበት ቦታ ደግሞ 1/60 ወይም 1/120 ነው የሚያዋጣው። እኔ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የምቀርጸው። ስለዚህ 1/50 ለእንቅስቃሴም ልክ ነው። ሻተሩ የፍሬሙን ግማሽ ጊዜ ሲከፈት፣ የሚንቀሳቀስ እጅ ዓይን የለመደውን ያህል ይደበዝዛል።

ቀጥሎ ቀለሙ። ሦስት መብራት፣ ሦስት ቀለም። የመስኮቱ ብርሃን በቀለም መለኪያው 5600 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አምፖሉ 2700 አካባቢ ነው፤ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ፍሎረሰንቱ አረንጓዴ ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ሦስቱን ግን አልችልም።

«ጋሼ፣ ይሄን የጣሪያውን ባጠፋው ይቸግርዎታል?» አልኳቸው።

«እሱን የማበራው ለደንበኛ ነው። እኔ የምሠራው በዚች ነው» አሉና የጠረጴዛውን መብራት አንገት ነካ አደረጉ።

አጠፋሁት። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ካሜራው ነጭ ብሎ የሚይዘውን ቀለም፣ 4000 ላይ አሰርኩት። መስኮቱ ትንሽ ሰማያዊ፣ ጠረጴዛው ትንሽ ሞቅ ያለ ሆነ። ውጭና ውስጥ በቀለም ተለዩ፤ ደስ አለኝ። ዋይት ባላንሱን ኦቶ ላይ አልተውም። ካሜራው በራሱ ጊዜ ሐሳቡን ሲቀይር ቀለም የሚያስተካክለው ሰው መከራውን ያያል።

«እኔ የምሠራው በዚች ነው» ያሉትን ግን በዚያ ቀን በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማሁትም።

ቀን 4

የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን። የሆነውን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ጠዋት የራሴን መብራት አቆምኩ። ኤልኢዲ ፓኔል ነው። ፊቱ ላይ ትልቅ ነጭ ማለስለሻ ጨርቅ ወጠርኩ። በስተግራ፣ ከመስኮቱ ጎን አደረግኩትና የጋሼን መብራት አጠፋሁት። ሞኒተሩን ሳይ በጣም ወደድኩት። ብርሃኑ ፊታቸውን ቀስ ብሎ ይዞረዋል። ሽበታቸው ይታያል። የጣታቸው መስመር ሁሉ ይታያል። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከሚያበራው ነገር አንጻር ትልቅ ሲሆን ነው። ትልቅ ምንጭ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥላን ይበላል። ለፊት ከዚያ የተሻለ የለም።

ግማሽ ሰዓት አካባቢ ሲሆን ጋሼ ወደ ሰዓቱ ከወትሮው በላይ ማጎንበስ ጀመሩ። ማጉያውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው ሰኩት። እኔ ይህንንም ቆንጆ ሾት ብዬ ቀረጽኩት። ትንሽ ቆይቶ ከወረንጦው ጫፍ አንድ ብሎን ተስፈንጥሮ ጠፋ። ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ጋሼ ምንም አላሉም። ወንበራቸውን በቀስታ ወደ ኋላ አደረጉና መሬት ላይ ተንበረከኩ። ካሜራውን ከትራይፖዱ አነሳሁት። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር የገጠምኩት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለእጅ ቀረጻ ይመቻል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ብዙ አያሳይም። አብሬያቸው ወረድኩ። በእጃቸው ትንሽ ማግኔት ይዘው መሬቱን እያሰሱ ይሄዳሉ። የድምፅ ባለሙያዋ የማይክ ዘንጓን ከላይ ይዛ ተከተለችን። ሳላቋርጥ 9 ደቂቃ ቀረጽኩ። ድሮ ቢሆን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም 400 ጫማ ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር የሚሄደው። ይህ ፍለጋ አንድ ሙሉ ጥቅል ሊበላ ምንም አይቀረው።

ብሎኑ የጠረጴዛው እግር ሥር ተገኘ። ጋሼ ተነሱ። ጉልበታቸውን አራገፉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይሄን መብራትህን አንሳልኝ። ጥላዬን አጠፋብኝ።»

አልገባኝም፤ ግን መብራቴን አጠፋሁት። የራሳቸውን መብራት አብርተው አሳዩኝ። አምፖሏን ዝቅ አድርገው ከጎን አስጠጓት። ብሎኑን በወረንጦ ይዘው ወደ ቀዳዳው አወረዱት። የብሎኑ ጥላ ብረቱ ላይ እንደ ቀጭን መርፌ ወደቀ። ብሎኑ ሲወርድ ጥላው ከሌላ በኩል ይመጣል። ብሎኑና ጥላው ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ብሎኑ ብረቱን ነክቷል ማለት ነው። አንድ ዓይናቸው በማጉያ ተይዟል፣ ሌላውን አይጠቀሙበትም። በአንድ ዓይን ደግሞ ርቀት መለየት ይከብዳል። ጥልቀቱን የሚያነቡት በጥላው ነው። እኔ ያቺን ጥላ ነው ለምስል ውበት ብዬ የወሰድኩባቸው።

መብራቴን አወረድኩ። የቀረውን ቀን አልቀረጽኩም።

ቀን 5

ሌሊት ስለ ፊልም ሠሪው ሮበርት ፍላኸርቲ ሳስብ አደርኩ። እ.ኤ.አ. በ1922 ለሕዝብ በቀረበው «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» ውስጥ አንድ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ቤተሰብ ከበረዶ በተሠራ ቤት ውስጥ ሲተኛና ሲነሳ እናያለን። የእውነተኛው የበረዶ ቤት ውስጥ ለዚያን ጊዜ ካሜራ ጨለማ ነበር። ስለዚህ ከወትሮው የሰፋ ቤት ተሠራ፤ ግማሽ ጎኑም ለብርሃን ክፍት ተደረገ። ሰዎቹ በብርድ ውስጥ ነው የተኙት። ፊልሙ የዘጋቢ ፊልም መነሻ ተብሎ ይጠራል፤ ከተሠራ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው ግን ትናንት እኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ለካሜራው ብርሃን ለማግኘት የሰውየውን ቤት ስንት እንቆርሳለን? ፍላኸርቲ ምርጫ አልነበረውም ሊባል ይችላል። የኔ ካሜራ ግን በአንድ አምፖል ይቀርጻል። እኔ ምርጫ ነበረኝ።

ስለዚህ አንድ ደንብ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ የጠረጴዛው መብራት አይነካም፣ አይጠፋም፣ ከቦታው አይነሳም። የቀረው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይስተካከላል።

ቀላል አይደለም። ለካሁት። አምፖሏ ሰዓቱ ላይ የምታፈሰው ብርሃን ፊታቸው ላይ ካለው በአምስት ስቶፕ ይበልጣል። አንድ ስቶፕ እጥፍ ነው፤ አምስት ሲሆን 32 እጥፍ። ለሰዓቱ ሳስተካክል ፊታቸው ጨለማ ይገባል። ለፊታቸው ሳስተካክል ሰዓቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ካሜራው ሁለቱንም በአንድ ፍሬም መያዝ ይችል ይሆናል፤ ግን ጨለማው ላይ ሲጎተት ምስሉ አሸዋ ያወጣል።

መፍትሔውን ጠረጴዛው ራሱ ሰጠኝ። ጋሼ ከሥራቸው ሥር ነጭ ወረቀት ያነጥፋሉ። የወደቀ ዕቃ ቶሎ እንዲታይ ነው። ወረቀቱ የአምፖሏን ብርሃን ትንሽ ወደ ላይ ይመልሳል። «ወረቀቱን ሰፋ ባደርገው ያስቸግርዎታል?» አልኳቸው። «እንዲያውም ይሻላል፣ ትናንት ሰፊ ቢሆን ብሎኑ መሬት አይደርስም ነበር» አሉ። ትልቅ ነጭ ወረቀት አምጥቼ ጠረጴዛውን እስከ ጫፍ አለበስኩት። ፊታቸው አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ከፍ አለ። ብርሃኑ የራሳቸው መብራት ነው፤ ተመልሶ ነው የመጣው። ስለዚህ ቀለሙም አቅጣጫውም አይዋሽም። ከታች የሚመጣ ብርሃን ብዙ ጊዜ ፊትን ያስፈራል። እዚህ ግን ዓይን ምንጩን ስለሚያየው ይቀበለዋል።

በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ። ግድግዳው እየመለሰ የጨለማውን ጎን ያሳጣኝ ነበር። መስኮቱ ላይ ስስ መጋረጃ አወረድን። በቃ። ፓኔሉ ቦርሳው ውስጥ ገባ፤ እስከ መጨረሻው አልወጣም።

ቀን 6

ማክሮ፤ ትንሽ ነገርን በጣም ከቅርብ መቅረጽ ማለት ነው። ሙሉ ቀን የሰዓቱን ሆድ ስቀርጽ ዋልኩ።

የ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ነው። ነገሩን ሴንሰሩ (የካሜራው ምስል ተቀባይ) ላይ በትክክለኛ መጠኑ ያሳርፈዋል፤ አንድ ለአንድ ማለት ነው። ለዚያ ግን ሌንሱ በጣም መቅረብ አለበት፤ ከሌንሱ ጫፍ እስከ ሰዓቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል። ችግሩ እዚያ ቦታ ላይ የጋሼ ጭንቅላት አለ። በማጉያው ሲያዩ ዓይናቸው ከሰዓቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው የሚርቀው። እኔና እሳቸው አንዱኑ አየር ተሻማን። ዝቅ ብዬ ከፊት ለፊታቸው ገባሁ። ከግራ በኩልም ሞከርኩ። ቀኝ እጃቸው ስለሚሠራ ከቀኝ ከቀረጽኩ መዳፋቸው ሁሉን ይሸፍነዋል። ከግራ ግን ወረንጦው ወደ ሌንሱ ይመጣል፤ ሥራው ክፍት ሆኖ ይታያል።

ጥልቀቱ ሌላ ፈተና ነው። በዚህ ቅርበት አይሪሱን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አጥብቤ እንኳ ጥርት ያለው ክልል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብሎኑ ሲጠራ ከሥሩ ያለው ጥርስ ይደበዝዛል። ከዚያም በላይ ሌንሱ አንድ ለአንድ ላይ ሲደርስ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመር ግዴታ ሆነ። ምስሉ ትንሽ ሻከረ። ተቀበልኩት። አምፖሏን ጠጋ ያድርጉልኝ ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደንቡን አስታወስኩ።

የፎከሱ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ግራ አጋባኝ። ትራይፖዱ መሬት ላይ ነው። ምንም አይነቃነቅም። ፎከሱ ግን በየመሐሉ ይጠፋል። ቆይቼ ሳስተውል ጋሼ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስደግፉ ጠረጴዛው በአንድ ፀጉር ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ሚሊ ሜትር ክልል ላይ ያ ብዙ ነው። ትራይፖዱን ትቼ ካሜራውን በማሰሪያ ክንድ ከራሱ ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ሲወርድ ካሜራውም አብሮ ይወርዳል። ፎከሱ ቆመ። ለማክሮ የሚሠራ ሰው ይህችን ቢይዛት ደስ ይለኛል፤ እኔ ግማሽ ቀን ነው የከፈልኩባት።

አንድ አሮጌ ሰዓት ሆዱ ተከፍቶ ነበር። ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል። በሰከንድ 5 ማለት ነው። እኔ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምቀርጽ ለእያንዳንዱ ምት ልክ 5 ፍሬም ይደርሰዋል። ሞኒተሩ ላይ ጎማው በጣም በተስተካከለ አካሄድ ይሄዳል። ዳር ደርሶ ሲመለስ ለአንዲት ፍሬም ይጠራል፤ መሐል ላይ ሲሮጥ የብር ጭጋግ ይሆናል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሰዓቶች በሰዓት 28,800 ነው የሚመቱት፤ በሰከንድ 8። ያኛው ከ25 ጋር አይገጥምም፤ ምስሉ ላይ ትንሽ የሚንተባተብ ይመስላል። ለዚህ ብዬ አሮጌውን ረጅም ቀረጽኩት።

ቀን 7

በሰከንድ 120 ፍሬም ሞከርኩ። በ25 ሲታይ ወደ አምስት እጥፍ ይዘገያል። ጎማው እንደ ውኃ ሲዞር በጣም ያምራል። ትንሿን ሞኒተር ለጋሼ አሳየኋቸው።

ዝም ብለው አዩት። «ይሄ ሰዓት ታሟል» አሉኝ።

አይ፣ ያው የትናንቱ ነው፣ ምስሉን ነው ያዘገየነው አልኳቸው። «ገብቶኛል። ግን ጎማው እንዲህ ሲንፏቀቅ ያየ ሰዓት ሰሪ ዘይቱ ደርቋል ወይም ሞላው ደክሟል ነው የሚለው። ሰው ደክሞ ሠርቶታል እንዳይል።»

ስሎው ሞሽን ከፊልሙ ወጣ። ከሁሉም ክሊፕ አንዱንም አላስቀረሁም።

ቀን 9

ቃለ መጠይቅ። ካሜራው በዓይናቸው ልክ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከወገብ በላይ። እኔ ከሌንሱ ጎን ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ጠያቂው ከሌንሱ በራቀ ቁጥር የተናጋሪው ዓይን ከተመልካቹ ይሸሻል። የጠረጴዛው መብራት ፍሬሙ ውስጥ ይታያል፤ ሆን ብዬ ነው።

የዛሬው ፈተና የድምፅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከ30 በላይ ሰዓት ይቆጥራል። ስናወራ ጆሮ ይለምደዋል። ኤዲቲንግ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ስትቆርጥ ምቱ አብሮ ይሰበራል። ተመልካች ቁርጡን በጆሮው ያየዋል። የድምፅ ባለሙያዋ «ጋሼ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ እናቁማቸው?» ብላ ጠየቀች።

የግድግዳዎቹን ፔንዱለም አንድ በአንድ በጣታቸው ያዝ እያደረጉ አቆሙ። ስድስት የእጅ ሰዓት ግን አልነኩም። «እነዚህ ፈተና ላይ ናቸው። ትናንት ነው የሞላኋቸው፣ በ24 ሰዓት ስንት ሰከንድ እንደሚያጎድሉ ማወቅ አለብኝ። ካቆምኳቸው ነገ ባለቤቱን ምን እለዋለሁ?» አሉ። ፎጣ ላይ አድርገን መሳቢያ ውስጥ ከተትናቸው። ሰዓቶቹ ሥራቸውን አልተውም፤ እኛም ጸጥታ አገኘን። ትንሿን ማይክ ደረታቸው ላይ አደረገች። በመጨረሻ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ሦስት ደቂቃ ቀዳች፣ ከዚያ ሰዓቶቹ ሁሉ ተመልሰው ሲነሱ ሌላ ሦስት ደቂቃ። ቁርጥ በሚሰማበት ቦታ ሁሉ ያንን ታነጥፋለች።

ከወሬያቸው መሐል ደመና መጣ። የመስኮቱ ብርሃን በሁለት ስቶፕ ወረደ። አላቋረጥኳቸውም። አይሪሱንም አልነካሁም፤ የመስኮቱ በኩል ጨለም ሲል አምፖሏ ይበልጥ ገነነች። ስለ አባታቸው ሲያወሩ ነበር የሆነው።

ቀን 10

አንዲት ደንበኛ ገባች። የተበጠሰ ማሰሪያ ያለው ትንሽ ሰዓት ይዛለች። ካሜራውን ስታይ ቆም አለች። ከማንም በፊት የሌንሱን ክዳን አደረግኩና ካሜራውን ወደ መሬት አዞርኩ። ስለ ፊልሙ ነገርኳት። ፊቴ አይታይ፣ እጄ ግን ችግር የለውም አለች። ሰዓቱን ስታስረክብ ሁለት እጅ ብቻ ያለበት ሾት አለኝ። ሰዓቱን ከለቀቀችው በኋላ ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቆዩ። የሰዓቱ ጀርባ ላይ የተቀረጸ ስም ነበር፤ ያንን ክሊፕ እዚያው አጠፋሁት።

ቀን 12

የመጨረሻው ቀን። ሰፋፊ ሾቶች፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ባዶው ወንበር። እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ሰከንድ ሳልነቃነቅ ያዝኩ። ኤዲተር ሁልጊዜ የሚለምነው ይህንን ነው።

የመረጃው ነገር በአጭሩ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስለምቀርጽ አንድ ሰዓት ወደ 45 ጊጋባይት ይይዛል። ያለኝ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ወደ 630 ጊጋባይት ማለት ነው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ ሁለቱንም ከፍቼ እስካይ ድረስ ሜሞሪ ካርድ አላጠፋም። አንዱ ዲስክ እኔ ጋ፣ አንዱ የድምፅ ባለሙያዋ ጋ ያድራል።

ኤዲቲንግ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ኤዲተሩ የቀን 4ን ፍለጋ ሲያይ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ፊልሙ ይሄ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ጋሼ በማግኔት መሬቱን ሲያስሱ ከክፍሉ ውስጥ አየር የወጣ ይመስላል። ካሜራው ከትከሻቸው አይለይም። ብሎኑ ሲገኝ ማግኔቱ ጫፍ ላይ ልጥፍ ትላለች፣ ልክ በምትታይበት ሰከንድ ፎከስ ውስጥ ናት።

ግን ያ ትዕይንት እኔ ያመጣሁት ነው። ብሎኑ የወደቀው በኔ መብራት ምክንያት ነው። ተመልካቹ ግን የዕድሜ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ አዛውንት። ያ ውሸት ነው። የጋሼ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ሦስት ቀን ተከራከርን። ኤዲተሩ ያለማብራሪያ ይግባ አለ። እኔ ይውጣ አልኩ። የድምፅ ባለሙያዋ ናት የፈታችው። ካሜራው ሳይጠፋ ቀርቶ ኖሮ «ልጄ፣ ይሄን መብራትህን አንሳልኝ» ሲሉ ድምፃቸው ከነምስሉ አለ። ፍሬሙ ዘምሟል፤ ካሜራውን ወደ ጭኔ አውርጄው ነበር። ግማሹ የጋሼ ደረት ነው፣ ግማሹ የፓኔሉ እግር። ቀጥሎ እጄ ገብቶ መብራቱን ሲያጠፋ ይታያል። የፊታቸው ለስላሳ ብርሃን ይሞታል። አንድ ሰከንድ ጨለማ። ከዚያ ቀጭ ትላለች አምፖሏ፣ ጥላውም ብረቱ ላይ ይወድቃል።

ሁሉንም አስገባነው። ፍለጋውን፣ ወቀሳውን፣ እጄን፣ የዘመመውን ፍሬም። ከቀረጽኩት ሁሉ በቅንብር የከፋው ሾት እሱ ነው፤ አሁን ከሱ የሚበልጥብኝ የለም። ቀለሙን ስናስተካክል የቀን 4ን ለስላሳ ብርሃን ከሌላው ጋር ለማመሳሰል አልሞከርንም። ልዩነቱ ይታይ።

የመጀመሪያው እይታ

ፊልሙን ለጋሼ ሱቃቸው ውስጥ በላፕቶፕ አሳየናቸው። ማጉያቸው ግንባራቸው ላይ ተሰቅሎ ነው ያዩት። የፍለጋው ትዕይንት ሲመጣ ምንም አላሉም። የመብራቱ ወቀሳ ሲመጣ አንዴ ወደኔ አዩ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ተመልሰው ማየት ቀጠሉ። ፊልሙ አለቀ። ዝም አሉ። ሁላችንም እየጠበቅን ነው።

«እዚያች ጎማው በትልቁ የሚታይበት ጋ መልሳት» አሉ።

መለስኩት። የቀን 6 ማክሮ ነው፤ አሮጌው ሰዓት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይሄ የዚህ ሰዓት ድምፅ አይደለም።»

ከድምፅ ባለሙያዋ ጋር ተያየን። ልክ ናቸው። በማክሮው ቀን የአሮጌው ሰዓት ድምፅ በጣም ደካማ ስለነበር ኤዲቲንግ ላይ ከሌላ ክሊፕ ጥርት ያለ ምት አንስተን ነበር የለጠፍንበት። የተነሳው ከአዲስ ሰዓት ነው። ምስሉ በሰከንድ 5 ይመታል፤ ድምፁ 8። ስንት ጊዜ አይተነው አልሰማነውም።

ጋሼ መሳቢያቸውን ከፈቱ። አሮጌው ሰዓት እዚያው ነበር፤ ባለቤቱ ገና አልመጣም። ሦስት ጊዜ ሞሉትና ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ነጩ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። የድምፅ ባለሙያዋ ትንሿን ማይክ ከሰዓቱ መስታወት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ላይ አስጠጋችው። ጋሼ ተነስተው የግድግዳዎቹን ፔንዱለም አንድ በአንድ ያዙ። በሩን ዘጋሁ። ሁለት ደቂቃ ማናችንም አልተነቃነቅንም።

ነገ በቦታው እናስገባዋለን።